በሐረጉ ሥር ያልተጻፈችው መስመር

ሞላሌ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ልጄ ለአመተሥላሴ፤ በአባትሽ ወገን የገበሬን ቅንነት፣ በእናትሽ ወገን የካህናትን ትጋት ለወረስሽው፤ በአምስት ዓመትሽ ፊደልን፣ በሰባት ዓመትሽ ዳዊትን ከእኔ ከአጎትሽ አፍ ተቀብለሽ አንዲት ቃል ሳትጥዪ ለመለስሽው፤ ዛሬም ባሕር ተሻግረሽ፣ ስሙን አስተካክዬ ለመጥራት በምቸገርበት አገር የቤታችንን ስም በመልካም ለምታስጠሪው፤ የክረምቱን ጉም ገፎ ፀሐይን ያሳየን አምላክ ሰላሙን ከደጅሽ፣ ረድኤቱን ከእጅሽ አያርቅብሽ።

ስልኩ ከተቋረጠብን ወዲህ ድምፅሽን ሳንሰማ ወራት ስላለፉ፣ የዱሮው ሰው እንደሚያደርገው ወረቀትና ቀለም ይዤ ተቀምጫለሁ። ይህን ደብዳቤ በደብረ ብርሃን ለሚነግደው ለዘመዳችን ለዮሴፍ በመንገደኛ እጅ እልክለታለሁ፤ እርሱም በፖስታ ያሳልፍልኛል።

እናትሽ እማሆይ አስካለ ማርያም በሰኔ ወር በጭቃ ላይ ተንሸራትታ ዳሌዋ ከተሰበረ ጀምሮ በእግሯ እንዳልቆመች ታውቂያለሽ። እኔም ጉልበቴ እየከዳኝ፣ ዓይኔም እየፈዘዘ ብቻዬን ላስታምማት ስላልቻልሁ፣ የደብራችን የሰንበቴ ማኅበር ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባቆመው የአረጋውያን መጦሪያ ከሐምሌ ጀምሮ ሁለታችንም ገብተናል። ቤቱ በጓሳ ሣር የተከደነ፣ ግድግዳው የተመረገ፣ ዐሥራ አንድ ሽማግሎችና አሮጊቶች በሁለት ክፍል የሚያድሩበት ነው። መስታወት የምትባል ባሏ የሞተባት፣ እጇ ለሥራ የማይሰንፍ፣ ምላሷ ግን ከእጇ የሚቀድም ሴት ታበላናለች፣ ታነሣናለች፣ ታስተኛናለች።

ለዚህ ቤት እኔ ያበረከትሁት ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ የኑሯችንን ሥርዓት በብራና ጽፌ በሴቶቹ ክፍል ሰቅያለሁ። የጸሎቱን ሰዓት፣ የጾሙን ወራት፣ እንዲሁም የቆረበ ሰው ስለ ተቀበለው ምስጢር ክብር እስከ ሦስተኛው ቀን ገላው ውሃ እንዳይነካው የሚያዘውን የደብራችንን ልማድ በቀይና በጥቁር ቀለም ለይቼ፣ ዙሪያውን በወይን ጠጅ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ሐረግ አስጊጬዋለሁ። የጎበኘን ሰው ሁሉ ከእኛ አስቀድሞ እርሱን ያያል። ሰማንያን ካለፈ እጅ የወጣ ነው ብሎ የሚያምን የለም።

እናትሽ የሚጎድላት የለም። ሰንበት በሰንበት፣ ደግሞም በወሩ በዓላት ሁሉ በቃሬዛ ተይዛ ትቆርባለች፤ ይህን ያህል ጸጋ ለጤነኛም አይገጥመው። «ደኅና ነኝ በላት» ብላኛለችና ደኅና ነች ብያለሁ።

ስለ አንድ ትንሽ ነገር ላስቸግርሽ። መልካም መዓዛ ያለው ሽቶ ሁለት ጠርሙስ ብትልኪልኝ እወዳለሁ። ለመነኩሴ ሽቶ እንደማይገባ የማላውቅ አይደለሁም፤ ለክፍሉ ነው።

አጎትሽ፣ መሪጌታ ባስልዮስ

---

ቤርገን፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴና መምህሬ ለመሪጌታ ባስልዮስ፤ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዓይንዎን ያብራልኝ እያልሁ ከወንበርዎ ፊት እንደ ልጅነቴ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ደብዳቤዎ በሃያ ስምንት ቀኑ ደረሰኝ። የእጅ ጽሑፍዎን ሳየው አለቀስሁ፤ ከዚያም ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሽቶውን በዮሴፍ ስም ልኬያለሁ።

አጎቴ፣ ዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት የሸሸግሁትን ልንገርዎት። እዚህ የምሠራው ሆስፒታል ነው እያልሁ ለዘመድ ሁሉ የነገርሁት እውነት አልነበረም። የምሠራው እርስዎና እማዬ ባላችሁበት ዓይነት ቤት ነው። ሥራዬም ራሳቸውን መታጠብ የማይችሉ ሰዎችን ማጠብ፣ ዳይፐራቸውን መለወጥ፣ ማበጠርና ማልበስ ነው። «የካህናት ዘር የሰው ገላ አጣቢ ሆነች» እንዳይባልብኝ ፈርቼ ነበር።

አሁን ግን አላፍርም። የመርከብ አዛዥ የነበሩ የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ አሉኝ። በአንድ ወቅት አርባ ሰው «እሺ ጌታዬ» ይላቸው ነበር፤ ዛሬ ማንኪያ ማንሣት አይችሉም። ሁልጊዜ ጠዋት በራቸውን አንኳኩቼ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ የሚመልሱት በዓይናቸው ብቻ ቢሆንም እስኪመልሱ እቆማለሁ። ውሃውን በክርኔ እለካለሁ። የማጥበውን አካል ብቻ እገልጣለሁ፤ ሌላው በፎጣ እንደተሸፈነ ይቆያል። መጀመሪያ ቀን አለቃዬ የነገረችኝ ቃል «ሰውዬው አልጋው ላይ ነው እንጂ አልጋው አይደለም» የሚል ነበር። ስጨርስ አዛዡ ሁለት ጣታቸውን ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ። ለመርከበኞቻቸው የሚሰጡት ሰላምታ ነው ይላሉ ልጃቸው።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። እማዬ በሳምንት ስንት ጊዜ ትታጠባለች? የሚያጥባትስ ማን ነው?

ልጅዎ፣ አመተሥላሴ

---

ሞላሌ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአመተሥላሴ፤ በጾመ ነቢያት ውርጭ የሜዳው ገብስ ነጭ ለብሶ በሚያድርበት በዚህ ወራት፣ የማይበርድ ፍቅሩን የሚሰጥ ጌታ በሰው አገር ብርድ እንዳይጫወትብሽ ይጠብቅሽ።

ደብዳቤሽን አነበብሁ። ሥራሽን በመሸሸግሽ አልቀየምሁም፤ በመግለጥሽም ደስ አለኝ ብል ግን ውሸት ይሆናል። እኔ ያን ጣት በቀለም ብዕር ላይ ሳለማምደው፣ አንድ ቀን የባዕድ ወንድ ገላ ይጠርግበታል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ሆኖም ድሆችን ማገልገል የጽድቅ ሥራ መሆኑን ስለማውቅ፣ በዚህ ነገር ብዕሬን አላስረዝምም።

ስለ መታጠብ ለጠየቅሽው፣ ቤታችን በሥርዓት የሚኖር ቤት መሆኑን አስቀድሜ ጽፌልሻለሁ። እሑድ የቆረበች እናት እስከ ማክሰኞ፣ በሳምንቱ መካከል በዓል ቢውልና ብትቆርብ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ውሃ ሊነካት የማይገባ መሆኑ ግልጥ ነው። በቀረውም ቀን ቢሆን የመንዝን ብርድ አንቺ አልረሳሽውም፤ መስታወትም ብቻዋን ናት። የእንግዳ አገር ልማድ ለእንግዳ አገር መልካም ነው፤ እኛ ግን አባቶቻችን ያቆዩልንን ስንጠብቅ ኖረናል፤ ስንጠብቅም እንሞታለን።

ሽቶው ደርሶናል። መስታወት በክፍሉ ስትረጨው እናትሽ ከባና ብርድ ልብሷ ሥር ሆና፣ «ምን ነው መስታወት? ሙሽራ ልትድሪ ነው?» አለቻት።

«ለእርስዎ ነው እማሆይ፣ ልጅዎ ከባሕር ማዶ ልካልዎት።»

«እኔ ልጄን ሽቶ አልጠየቅኋትም። ምን ብሎ እንደጻፈላት የሚያውቀው ወንድም ዓለም ነው።» ወደ እኔም ዞራ፣ «ያን ሁሉ ደቀ መዝሙር ቅኔ አስተምረህ፣ አፍንጫህን ብቻ ዝም ማለት አስተማርኸው?» አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እርሷ ግን አልሳቀችም።

የማኅበሩ ሴቶች በባታ ማርያም ዕለት ሊጠይቋት መጥተው ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ደክሞኛል አለች። ድካም ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም።

በሚቀጥለው ስትልኪ ሽቶውን ተዪው። ውሃ የማያሳልፍ የአልጋ ላስቲክ ብታገኚ፣ ጥጥም በርከት አድርገሽ፣ ለተላጠ ገላ የሚሆን ቅባትም ብትጨምሪ ይጠቅማል። በጀርባዋ ታች፣ ከወገቧ በስተ ቀኝ፣ ከመኝታ ብዛት ጥቂት ፍትጊያ አግኝቷታል። ከአንድ ብር ሳንቲም አይበልጥም ይላሉ፤ እኔ አላየሁትም፤ ማየትም አይገባኝም።

አጎትሽ፣ መሪጌታ ባስልዮስ

---

ቤርገን፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሰላምታውን ስለ ተውሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ጊዜ የለኝም። ይህን የምጽፈው ደብዳቤዎን ባነበብሁ በሰዓቱ ነው።

መጀመሪያ ሽቶ፣ ቀጥሎ ላስቲክ፣ ጥጥና ቅባት ጠየቁኝ። እኔ በምሠራበት ቤት አንድ ሰው ሲረሳ የሚታየው በዚህ ተራ ነው፤ መጀመሪያ ሽታ፣ ከዚያ እርጥበት፣ ከዚያ ቁስል። ከላይ የአንድ ሳንቲም ስፋት ያለው ቁስል ከሥሩ የቡጢ ያህል ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ቀይ ነው ወይስ ጥቁር? ሲነኩት ይሞቃል? ሽታ አለው? መስታወት ትይልኝ።

መልሴን ግን አትጠብቁ። ዛሬውኑ እጠቡልኝ። ውሃ አሙቁ። ከታች ያለውን እርጥብ ባና አውጡና ደረቅ አንጥፉ። በየሁለት ሰዓቱ በአንድ ጎኗ፣ ከዚያም በሌላው ጎኗ አዙሯት። ቁስሉ ላይ አታስተኟት። እንቁላል፣ ወተት፣ ጠላ ያለ ጌሾ፣ የምትወደውን ሁሉ ስጧት፤ ጾም ነው ካሏችሁ የንስሐ አባቷን አባ ገብረ አማኑኤልን ጠይቁ። ሐኪም ካለበት አድርሷት። እቃውን ልኬያለሁ፤ እርሱንም አትጠብቁ።

አጎቴ፣ እኔ በየቀኑ ስምንት ሰው አጥባለሁ። ስምንቱም የሰው እናትና አባት ናቸው። የእኔን እናት አንድ ሰው ያጥብልኝ።

አመተሥላሴ

---

ሞላሌ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአመተሥላሴ።

ይህ ደብዳቤ መርዶ አይደለም። መርዶሽን በዚያ ያሉ የአገርሽ ልጆች በማለዳ ደጅሽን አንኳኩተው፣ ደግፈው ይዘው እንዲነግሩሽ ለዮሴፍ አደራ ብዬው ነበር፤ አድርሻለሁም ብሎ ልኮብኛል። እናትሽ መጋቢት 3 ቀን ረቡዕ፣ ከሰርክ ጸሎት በኋላ ዐርፋለች። የጥር ደብዳቤሽ መንገዱ ተዘግቶ ደብረ ብርሃን ሲከርም ቆይቶ እጄ የገባው መጋቢት 20 ነው። በዐሥራ ሰባት ቀን ዘገየ። ሆኖም ጥፋቱን በመንገዱ ላይ አልጥልም፤ የጥቅምቱ ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኝ ነበርና።

ደብዳቤሽን ያነበብሁት ለመስታወት ነው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ መምህር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። «የእኔን እናት አንድ ሰው ያጥብልኝ» ከሚለው ስደርስ መስታወት የያዘችውን ትሪ መሬት አስቀመጠች።

«መሪጌታ፣ እኔ እኮ ጠይቄዎት ነበር» አለችኝ።

«ምን ብለሽ?»

«ውሃ ላሙቅ ወይ ብዬዎት ነበር። በኅዳር። በታኅሣሥም። እርስዎ አፍዎን እንኳ አልከፈቱም፤ በመቋሚያዎ ወደ ግድግዳው ጠቆሙኝ። እኔ ማንበብ አልችል፤ የተጻፈውን ያነበቡልኝ እርስዎ። ታዲያ በማን ቃል ልደፍር?»

እውነቷን ነው። ጠቁሜያታለሁ።

አሁን ለአባ ገብረ አማኑኤል በንስሐ የነገርሁትን ላንቺም እነግርሻለሁ፤ ይህን ሳልነግርሽ ዐይኔ ቢከደን ከእናትሽ ጋር የምገናኝበት ፊት የለኝም። ያ ልማድ በደብራችን አሮጌ መዝገብ ላይ በሁለት መስመር የተጻፈ ነው። የመጀመሪያይቱ መስመር የቆረበ ገላ እስከ ሦስተኛው ቀን ውሃ እንዳይነካው ታዝዛለች። ሁለተኛይቱ «ድውይና ደካማ ግን በዚህ አይያዝም፤ ይታጠብ» ትላለች። ለጤነኛው ሕዝብ ባስተማርሁበት ዘመን ሁለቱንም አስተምር ነበር። የዚህን ቤት ብራና ስጽፍ ግን የታችኛውን ሐረግ አስቀድሜ ስዬው ነበር፤ ለሁለተኛይቱ መስመር ስደርስ ቦታ አልበቃኝም። ልጽፋት ብል ከወይኑ ቅጠል ሁለቱ መፋቅ ነበረባቸው። ቅጠሎቹ አምረውልኝ ነበር። ጤነኛ ሰው በማይኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ የጤነኛውን ሕግ ሰቀልሁ፣ የድውዩን ተውሁ። የሚያነብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ራሴን አታለልሁ፤ በዚያ ክፍል ማንበብ የሚችል ከእኔ በቀር አልነበረም።

ልጄ፣ ልማዱ ቢጠበቅ እንኳ የቀረ ቀን ነበር። ያን ቀን ብርዱን ሰበብ አደረግሁ፤ የመስታወትን ብቸኝነት ሰበብ አደረግሁ። ሽታውን ሸሽቼ ወንበሬን ወደ በሩ ያራቅሁት በመስከረም ነው። በየሳምንቱ አንድ ስንዝር አራቅሁት። እናትሽ ታያለች። አንድ ቀን፣ «ወንድም ዓለም፣ ቀስ በቀስ ደጅ ልትወጣ ነው» አለችኝ።

ከማረፏ ስድስት ቀን በፊት ደግሞ ጠራችኝ። «አንድ ቅል ውሃ በጀርባዬ አፍስስልኝ። ለብ ያለ ይሁን። ሌላ አልጠይቅህም» አለች። እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ወንበሬን አቀረብሁና በሲካር ጉድጓድ ስለ ሕይወት ውሃ የተነገረውን ትርጓሜ፣ ከአንድምታው ጋር፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኋት። ዐይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «ደግ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። የተናገረችኝ የመጨረሻ ቃል እርሱ ነው።

ባረፈች ዕለት ሴቶቹ ገላዋን ለግንዘት ሲያጥቡ፣ እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ መዝሙረ ዳዊት አነብብ ነበር። ሦስት እንስራ ውሃ ሲገባ ቈጠርሁ። ከዚያ መስታወት ስትጮኽ ሰማሁ። ወገቧን አይታ ነው። ቃሏን እንዳለ ልጻፈው፤ «ይኼን ሁሉ ውሃ ለማን ነው የምናፈሰው? በቁሟ የከለከልናትን!»

ብራናውን አውርጄዋለሁ። ሚስማሩ ግን እስካሁን በግድግዳው ላይ ነው።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ይቅርታ የሚጠየቀው የሚመለስ ነገር ሲኖር ነውና።

ባስልዮስ

---

ቤርገን፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ደብዳቤዎ በሚያዝያ መጨረሻ ደርሶኛል። ሁለት ወር መልስ ያልሰጠሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም። የጻፍሁትን ሁሉ ቀደድሁት። አንዱን ልኬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እርስዎ ይህን አያነብቡትም ነበር።

ከመርዶው በኋላ አሥር ቀን ፈቃድ ሰጡኝ። በአራተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለስሁ። የመርከቡን አዛዥ ጀርባ ሳጥብ ውሃውን ማቋረጥ አቃተኝ፤ ፎጣው ሁሉ እስኪርስ አፈሰስሁ። የአዛዡ ዐይን ከፊቴ አልተነሣም።

እርሳቸውም በሰኔ መጀመሪያ ዐረፉ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መስኮት እንከፍታለን፤ ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ እናጥበዋለን። ሲያጥቡ ስሙን እየጠሩ ነው፤ «አሁን ክንድዎን አነሣለሁ፤ አሁን ወደ ቀኝ አዞርዎታለሁ» እያሉ። ለሞተ ሰው ውሃ ይሞቃል። የሚሰማው ኖሮ አይደለም፤ እጃችን ልማዱን እንዳይረሳ ነው። አጠብኋቸው፤ ሁለቱን ጣታቸውንም አድርቄ በአልጋው ጠርዝ ላይ አኖርኋቸው።

ስለዚህ የምጠይቅዎት አንድ ነገር አለ፤ እባክዎ ሳያስጌጡ ይመልሱልኝ። እማዬን ለግንዘት ያጠቡበት ውሃ የሞቀ ነበር?

አመተሥላሴ

---

ሞላሌ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህርቴ ለአመተሥላሴ።

አልነበረም። ከምንጭ እንደ መጣ፣ በእንስራው እንዳለ ነበር። መስታወትን ጠየቅኋት፤ እሳት ለማንደድ ማንም አላሰበም አለችኝ።

ሌላውን ነገር በተራ ልጻፍልሽ። ብራናው በወረደ ሳምንት አባ ገብረ አማኑኤል መጥተው በሁለቱም ክፍል ቆመው፣ ሁለተኛይቱን መስመር በአፋቸው ተናገሩ። «የታመመን ማጠብ ቍርባንን ማክበር ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ያልሰማ የለም» አሉ። ከዚያ ወዲህ መስታወትና የማኅበሩ ሁለት ሴቶች በሳምንት ሦስት ቀን ውሃ ያሞቃሉ። የላክሽው ላስቲክና ቅባት ለእናትሽ አልደረሰም፤ በእናትሽ አልጋ ላይ ለተኛችው አሮጊት ለአደይ ሆኗል። የአደይ ተረከዝ መቅላት ጀምሮ ነበር፤ አሁን ድኗል። ይህን የምጽፈው ለመጽናኛ አይደለም፤ ዕቃሽ የት እንደ ደረሰ ማወቅ ስለሚገባሽ ነው።

እኔ ከሰኔ ሚካኤል ጀምሮ አልጋ ላይ ነኝ። ቀኝ ጎኔ አይታዘዘኝም፤ ይህን የሚጽፍልሽ ግራ እጄ ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድብሽ ለዚህ ነው። የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ላንቺ መዘርዘር አያስፈልግም። በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ወደ እኔ ሲቀርብ አፍንጫውን አያለሁ። የዮሴፍ ልጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ ወንበሩን ወደ በሩ ሲስብ አይቼዋለሁ።

ትናንት ሩፋኤል ነበር። የዚያን ቀን ዝናብ ሰማይ ተከፍቶ የሚወርድ ጠበል ነው ብለን በልጅነታችን እኔና እናትሽ ራቁታችንን በሜዳው ስንሮጥበት የኖርነው ነው። መስታወት ሳፋዎቹን ሁሉ ደጅ ደረደረች። ሲሞሉም፣ «እናንተ ወደ ዝናቡ ካልሄዳችሁ ዝናቡ ይምጣላችሁ» ብላ አስገብታ በእሳት ላይ ጣደቻቸው። ሩፋኤልን የሚያሞቅ ሰው አይቼ አላውቅም ብዬ ቀለድሁባት። «ብርዱ ከሩፋኤል አይደለም መሪጌታ፣ ከመንዝ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች፤ እስከዚያ ቀን ሰበብ እየፈጠርሁ ስመልሳት ቆይቻለሁ። ፊቴን አጠበችኝ። ግራ እጄን፣ ቀጥሎም የማይሰማኝን ቀኝ እጄን አጠበችኝ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ወደ ባናው እጇን ስትዘረጋ ግን ያዝሁት። «ይብቃ» አልኋት።

«ምን ይብቃ? ገና ምን ታጠቡና!»

«አፍሬያለሁ።»

ልጄ፣ የዚህች ሴት ምላስ ሲያርፍ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከቆየች በኋላ፣ «እኔም አፍራለሁ እኮ። ከየት ተጀምሮ የት እንደሚኬድ፣ የቱ ተሸፍኖ የቱ እንደሚገለጥ ያስተማረኝ የለም። እንደ ሕፃን እንዳላጥብዎት መምህሬ ነዎት፤ እንደ ሬሳ እንዳላጥብዎት በሕይወት አሉ» አለችኝና ሳፋውን አንሥታ ወጣች። ውሃው በረደ። እኔም እንዳለሁ አደርሁ።

በጥቅምት የጻፍሽልኝን አወጣሁ። በሩን ማንኳኳት፣ ክርን፣ ፎጣ፤ በዚያን ጊዜ የአንድ አገልጋይ ወሬ አድርጌ ያለፍሁት ነው። ለመስታወት ልነግራት ብሞክር አጠረብኝ፤ የጻፍሽው ለእኔ የሚበቃኝን ያህል ነበር፤ ለሥራ ግን አይበቃም። ሐረግ ካልሳልሁበት ቦታ የማይጎድለው ብራና አለኝ። ሚስማሩም አለ። በግራ እጄ ዘግይቼም ቢሆን እጽፈዋለሁ፤ ዳሩን ባዶ እተወዋለሁ፤ ከዚያም ለመስታወትና ለማኅበሩ ሴቶች በቃል እስኪይዙት አነብብላቸዋለሁ።

የማይነሣ ሰው እንዴት እንደሚታጠብ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳታስቀሪ ጽፈሽ ላኪልኝ።